ዱካ፣ ጠረንና ማረፊያ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ለዚህ ዓምድ ሰሞኑን ከደረሱት ጥያቄዎች የሚበዙት የዱር እንስሳትን ዱካ ስለ መከታተል የሚያነሡ በመሆናቸው አንድ ላይ አሰባስበን መመለሱን መርጠናል። ከጠያቂዎቹ ሁለቱ የሰሜን ሸዋ ተወላጆች ሆነው አሜሪካ የሚኖሩና በዚያው አገር ሕግ አጋዘን የሚያድኑ ናቸው።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ በወፍ ዋሻ ደን ዳርቻ የወንድ ድኩላ ፎቶግራፍ ለማንሣት እየሞከርሁ ነው። ኮቴና በጠጥ አያለሁ፤ እንስሳውን ግን አላገኘሁትም። የሚተኛበትን ስፍራ በምን ልወቅ?

በመጀመሪያ ያዩት ዱካ የፍየል አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ የደኑ ዳርቻ ፍየል የሚሰማራበት ስለሆነ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የድኩላ ኮቴ ጠበብ ብሎ ጫፉ የሾለ ሲሆን የፍየል ግን ደነዝ ያለ ነው። በጠጡ ከፍየል በጠጥ ብዙም ስለማይለይ በእርሱ ብቻ አይፍረዱ፤ የሚጠቅመው አዲስነቱን ለማወቅ ነው። ጥቁርና የሚያብረቀርቅ፣ በእንጨት ሲጫኑት የሚጨፈለቅ ከሆነ እንስሳው በቅርቡ አልፏል። ፍየል በመንጋ ስለምትሄድ ዱካዋ የተደራረበ ነው፤ ወንድ ድኩላ ግን ብቻውን መኖርን የሚመርጥ በመሆኑ፣ አንድ መስመር ዱካ ከጥሻው ወጥቶ ወደዚያው ሲመለስ ካዩ ተስፋ ያድርጉ። ቅርፊቱ የተላጠና ቅርንጫፉ የተሰባበረ ቁጥቋጦ፣ ከሥሩም በቀንድ የተማሰ አፈር ካገኙ ማስረጃው ይበልጥ ይጠነክራል፤ ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነውና።

ማረፊያው ሣሩ ወይም የረገፈው ቅጠል በሞላላ ቅርጽ ተደፍጥጦ የሚታይበት ስፍራ ነው። ጎንበስ ብለው ሲመለከቱት አጫጭር ፀጉሮች ከቅጠሉ ጋር ተጣብቀው ያገኛሉ። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው የደጋችን ድኩላ ወንዱ ሲጎለምስ ስለሚጠቁር፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ፀጉር የሚፈልጉትን እንስሳ፣ ቀላ ያለው ደግሞ እንስቲቱን ወይም ግልገሏን ሊያመለክት ይችላል።

ይህን ካዩ በኋላ ግን ወደ ማረፊያው አይመላለሱ። እንደ ውሻ ያለ ሻካራ ጩኸት ከጥሻው ውስጥ ከሰሙ ታውቆብዎታል፤ ለዚያን ቀን ቢመለሱ ይሻላል። መጠበቅ ያለብዎት ከጥሻው ወጥቶ ለመመገብ በሚያልፍበት ዳርቻ ላይ ሆነው ነው፤ የትኛው ዳርቻ እንደሚሻል የሚወስነውም ነፋሱ ነው። ደኑ ያለበት የጣርማበር ገደል ፊቱ ወደ ምሥራቅ በመሆኑ የጠዋት ፀሐይ ቀድማ ትመታዋለች፤ ሲሞቅም አየሩ ከቆላው ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ከላይ ሆነው ቁልቁል ቢመለከቱ ጠረንዎ አይደርስበትም። ሲመሽ ነገሩ ይገለበጣል፤ የቀዘቀዘው አየር ቁልቁል ስለሚፈስ ከማረፊያው በታች ወይም ከጎኑ መሆን ይገባል። ማታ ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ ሸለቆውን ይዞ ሲወርድ ማየት ይህን ለመረዳት ይበቃል፤ ለአካባቢው ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ፤ ትውልዴ መሐል ሜዳ)፦ በቀስት አጋዘን ለማደን ፈቃድ አውጥቻለሁ። ግንዳቸው በቀንድ የተላጠ ዛፎችና ከቅርንጫፍ ሥር በኮቴ የተጫረ መሬት አግኝቻለሁ። ባልደረባዬ ከተጫረው መሬት አጠገብ ባለ ዛፍ ላይ ማማ (ተቀምጠው የሚጠብቁበት መደብ) እንድሰቅል መከረኝ፤ ደጋግሜ ብጠብቅም ወንዱ አልመጣም። ወደሚተኛበት ጥሻ ምን ያህል ልጠጋ?

ባልደረባዎ ያሳዩዎት ምልክት እውነተኛ ነው፤ ያልገጠመው ሰዓቱ ነው። ወንዱ አጋዘን ከበላዩ ያንዣበበውን ቅርንጫፍ ይልሳል፣ በግንባሩና በዓይኑ ሥር ባሉት ዕጢዎችም ያሸዋል፤ ከዚያም መሬቱን ጭሮ ይሸናበታል። ይህን የሚያደርገው ግን በአብዛኛው በሌሊት ነው፤ በተለይ የተጫረው መሬት በእርሻ ወይም በሜዳ ዳር ከሆነ በቀን ብርሃን ያየዋል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። በጥሻው አቅራቢያ የሚገኘው ምልክት ቢያንስም የበለጠ ዋጋ አለው፤ ሳይጨልም የሚደርሰው እዚያ ድረስ ብቻ ነውና።

የተላጡት ዛፎች መንገዱን ይነግሩዎታል። ግንዱ ብዙውን ጊዜ የሚላጠው እንስሳው በመጣበት በኩል ስለሆነ፣ የተላጠው ጎን ወደ ጥሻው የሚያይ ከሆነ ማታ ከማረፊያው ወጥቶ ለመመገብ ሲሄድ የላጠው ሳይሆን አይቀርም፤ ወደ መመገቢያው የሚያይ ከሆነ ደግሞ ንጋት ላይ ሲመለስ ነው። አንድ ዛፍ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሦስት አራት ሆነው በአንድ መስመር ሲደረደሩ ግን መንገድ ናቸው። ወፍራም ግንድ የላጠው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ወንድ ነው፤ ትልቁም ቀጭኑን ስለሚላጥ ግን ቀጭን ግንድ ትንሽነትን አያረጋግጥም። በጥሻው ውስጥ ትልልቅና ትንንሽ የመኝታ ምልክቶች ተጠጋግተው ካዩ የእንስቶችና የግልገሎች ነው፤ የወንዱ ለብቻው የሚገኝ ሰፋ ያለ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም ነፋሱ ከኋላው የሚመጣለት፣ ከፊቱ ደግሞ ቁልቁል የሚያይበት የሸንተረር ትከሻ ላይ ነው።

ርቀቱን በሜትር ወስኖ መናገር ያስቸግራል፤ ቅጠሉ የረገፈ ጫካና ጥቅጥቅ ያለ ጥሻ አንድ አይደሉምና። እንደ እኔ ግን ከ100 ሜትር በታች መጠጋት የሚገባው መግቢያዎ ከእይታም ከነፋስም የተሰወረ ከሆነ ብቻ ነው። ማማው የሚሰቀለው ከመንገዱ ከ20 እስከ 30 ያርድ ርቆ፣ ነፋሱ ከእንስሳው ወደ እርስዎ ወይም ወደ ጎን በሚነፍስበት በኩል ይሁን። ብዙ አዳኝ ስለ አገባቡ ይጨነቃል፤ ሲወጣ ግን በባትሪ እያበራ በሜዳው መካከል ይሄድና አጋዘኖቹን ሁሉ ያስደነግጣል። መውጫውም አስቀድሞ ይታሰብበት፤ ነፋሱ ከተለወጠም ስፍራውን ለሌላ ቀን ይተዉት። የደኅንነት ቀበቶውን መሬት ሲለቁ ጀምሮ እስኪወርዱ ድረስ አይፍቱ።

በእናንተ በኩል የመራቢያው ወቅት የሚጠናከረው በፈረንጆቹ ኖቬምበር አጋማሽ፣ በእኛ ኅዳር መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ወንዱ በቀን የሚንቀሳቀሰውም ያን ጊዜ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ለሥጋው ማቀዝቀዣ ያስቡበት።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ድኩላ ባቄላዬን እየበላ አስቸገረኝ። ወጥመድ ባጠምድበት ችግር አለው?

አዎን፣ አለው። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ወጥመድ ደግሞ ጥጃና ውሻም አይለይም። ድኩላ ብዙ ጊዜ የሚገባው በለመደው በአንድ በኩል በመሆኑ ያንን በር በእሾህ ይዝጉ፤ በማሳውና በጥሻው መካከል ያለውን ቁጥቋጦም ቢመነጥሩ ገላጣ መሬት ማቋረጥ ስለማይወድ ይሸሻል። ጉዳቱ ከቀጠለ ለቀበሌውና ለወረዳው ያመልክቱ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ዘመናዊ ደጋን አግኝቻለሁ። እዚህ ልጠቀምበት?

ለዒላማ መለማመጃ ይጠቀሙበት። ለአደን ግን አይሆንም፤ ከላይ ለአንኮበሩ ጠያቂ የሰጠነው መልስ ለእርስዎም ይሠራል።

ጥያቄ (ከሚኒሶታ)፦ በፍላጻ የተመታ አጋዘን ወደ ጥሻው ሮጠ። ወዲያው መከተል ይገባል?

አይገባም። በመጀመሪያ ፍላጻውን አንሥተው ይመልከቱ። ደሙ ደማቅና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባውን ስለመታ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጠቆር ያለና አረፋ የሌለው ከሆነ ጉበት ሊሆን ስለሚችል ቢያንስ 4 ሰዓት ይታገሡ። አረንጓዴ ነገርና መጥፎ ሽታ ካለበት የተመታው ሆዱ ነው፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። የቆሰለ አጋዘን ካልተነካ በቅርብ ጥሻ ይተኛል፤ ከተነሣ ግን ደሙ እየጠፋ ሩቅ ይሄዳል፣ ሥቃዩም ይረዝማል። ሲከተሉ ደሙን ሳይረግጡ በጎኑ ይሂዱ፤ በየጠብታው አጠገብ ትንሽ ወረቀት ቢያኖሩ፣ ዱካው ሲጠፋብዎት ወደ መጨረሻው ወረቀት ተመልሰው ዙሪያውን እያሰፉ ይፈልጋሉ።