እፉኝት ትወልዳለች ወይስ እንቁላል ትጥላለች?

ጥያቄ፦ ስለ ማሌይ እፉኝት የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «እፉኝቷ ወለደች» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ጓደኛዬ «እንቁላል ጣለች በል» አለኝ፤ ሌላው «ታቀፈች» ይላል። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ ግሡን የምትመርጥልህ እባቧ ራሷ ናት።

«ወለደች» ማለትህ አይገርምም። ልጆቿ ሆዷን ቀደው ይወጣሉ የሚል የቆየ ተረት አለ። በማቴዎስ ወንጌልም «የእፉኝት ልጆች» የሚለውን ተግሣጽ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሆድ መቅደዱ ሐሰት ነው፤ መውለዱ ግን ለብዙዎቹ እፉኝቶች እውነት ነው። በአገራችን የምትገኘው ወፍራሟ ፓፍ አደር በአንድ ጊዜ ብዙ ልጆች ትወልዳለች። ለእሷ «ወለደች» ልክ ነው።

የማሌይዋ ሌላ ናት። አገሯ ታይላንድ፣ ካምቦዲያ፣ ቬትናም፣ ሰሜን ማሌዥያና ጃቫ ነው። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ኩል ያወጣላት ሳይንሳዊ ስም እሱ ከሞተ በኋላ በ1824 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ1860 ደግሞ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኮፕ ካሎሴላዝማ የሚባል ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች የሚመደቡበት ወገን) ለይቶ ሰጣት፤ እስካሁን በዚያ ጂነስ ውስጥ ብቻዋን ናት። በዓይኗና በአፍንጫ ቀዳዳዋ መካከል ትንሽ ጎድጓዳ አለ። የአይጥን የሰውነት ሙቀት በጨለማ የምትለየው በዚያ ነው። እንዲህ ዓይነት እፉኝቶች በእስያና በአሜሪካ እንጂ አፍሪካ ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ ሕዝቡ ስም አላወጣላቸውም። «ባለጎድጓዳ እፉኝት» ብትል ደስ ይለኛል። ጎድጓዳው ፊቷ ላይ መሆኑን ግን አንዴ ግለጽ፤ አለዚያ አንባቢው ጉድጓድ ውስጥ የምትኖር ይመስለዋል።

ከባለጎድጓዳዎቹ አብዛኞቹ ይወልዳሉ። ይቺ ግን እንቁላል ትጥላለች፤ እስኪፈለፈሉም ተጠምጥማባቸው ትቆያለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ጓደኛህ ልክ ነው፦ እናቲቱ «ጣለች»፣ ልጆቹ «ተፈለፈሉ»።

«ታቀፈች»ን አልመክርህም። ዶሮ ታቀፈች ስንል እንቁላሉን አሞቀች ማለታችን ነው። የህንድ ዘንዶ ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች እንቁላሏን ስለምታሞቅ ቃሉ ይገባታል። የማሌይዋ እፉኝት ሥራ ግን ጥበቃ ነው። «እንቁላሎቿን ተጠምጥማ ትጠብቃለች» በል።

ፊልሙ ውስጥ ሰው ላይ አደጋ ካደረሰች ደግሞ «ነከሰች» ስህተት ባይሆንም «ነደፈች» ይሻላል። ውሻም ይነክሳል፤ «ነደፈች» ሲባል ግን መርዙም አብሮ ይሰማል።