ፕሮስቴቴን ላስወጣ ወይስ ልጠብቅ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ሳምንት «ስለ ፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ስላለው የወንዶች ዕጢ) የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። አምስት ስድስት ሰው ቢጠይቅ ነው ብዬ ስጠብቅ ስልኬ ሲንጫጫ ሰነበተ፤ አብዛኛው ደግሞ በውስጥ መስመር። አይገርመኝም። ስለ ሽንትና ስለ መኝታ ቤት በአደባባይ መጠየቅ ለእኛ ሰው ከባድ ነው። የማንንም ስም አላነሳም፤ የሚመሳሰሉትንም አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ሐኪም አይደለሁም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር፣ 22 ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። በ57 ዓመቴ ፕሮስቴቴ ላይ ካንሰር ተገኘ። ሦስት ዓመት ሳይነካ በክትትል ቆየሁ፤ ከዚያ ጠባዩ ሲቀየር ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ይኸው አራት ዓመት ሞላኝ። ሁለቱንም ስለቀመስኩ ነው ደፍሬ የማወራው።

ጥያቄ፦ 63 ዓመቴ ነው። ፒኤስኤዬ 6.2 መጣ። ሐኪሙ ካንሰር ሊሆን ይችላል አለኝ። ልጆቼ ቶሎ አስወጣው እያሉ እያስጨነቁኝ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካንሰር ይኑርብህ አይኑርብህ ገና አልታወቀም። ፒኤስኤ ፕሮስቴት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ካንሰር ከፍ ያደርገዋል፤ በዕድሜ የሚመጣው እብጠትም ከፍ ያደርገዋል፤ ኢንፌክሽንም እንደዚያው። ደም ከመስጠትህ በፊት ባለው አንድ ሁለት ቀን ከባለቤትህ ጋር ከተኛህ ወይም ብስክሌት ስትነዳ ከዋልክ እንኳ ቁጥሩ ሊነሳ ይችላል። ላቦራቶሪ እያለሁ ኢንፌክሽኑ ሲታከም ቁጥሩ ቁልቁል የወረደለት ሰው ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ ምርመራው ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ይደገም። ያኔም ከፍ ካለ ኤምአርአይ፣ ኤምአርአዩ የሚያጠራጥር ቦታ ካሳየ ደግሞ ባዮፕሲ፣ ማለትም በመርፌ ቅንጣት ሥጋ ወስዶ መመርመር። በፒኤስኤ ብቻ የማንም ፕሮስቴት አይወጣም። ልጆችህን «ቆዩ» በላቸው። ደግሞ ለእብጠቱ ፊናስቴራይድ የሚባለውን ክኒን የምትወስድ ከሆነ ለሐኪሙ ንገረው፤ ፒኤስኤውን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋልና እውነተኛው ቁጥር ይሸፈናል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ባዮፕሲ አላደርግም ብሎ ድርቅ አለ። «ካንሰር ከተነካ ይባዛል» ይላል። እንዴት ላሳምነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን እናቴም ትል ነበር። የመጣበትንም መገመት አይከብድም። ድሮ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው፤ ተከፍቶ ይታያል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ተመልሶ በክር ይሰፋል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ጥፋቱ ለቢላው ተሰጠ። የፕሮስቴት ባዮፕሲ ካንሰሩን ያሰራጫል ተብሎ የሚፈራ አይደለም። ሊያሳስብ የሚገባው ኢንፌክሽኑ ነው፤ በፊንጢጣ በኩል ሲወሰድ ይበዛል፣ በቆዳው በኩል፣ ከብልቱ ሥርና ከፊንጢጣው መሃል ሲወሰድ ይቀንሳል። በየትኛው በኩል እንደሚወስዱ ጠይቁ። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነም አስቀድሞ ይናገር። ለጥቂት ቀናት ሽንቱ ላይ፣ ለሳምንታት ደግሞ ዘሩ ላይ ደም ቢያይ እንዳይደነግጥ ንገሪው። እኔ ማንም ሳይነግረኝ አይቼ ልብሴን ለብሼ ድንገተኛ ክፍል ልሄድ ነበር።

ጥያቄ፦ በባዮፕሲዬ 3+3=6 ተባልኩ። ከ10 ስድስት ማለት ግማሹን አልፌአለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም! ይሄ ቁጥር ስንቱን አስደንግጧል። ዶናልድ ግሊሰን የሚባል አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት በ1960ዎቹ ያወጣው አሰጣጥ ነው። ሴሎቹ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታዩ ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቁ ይመዘናል፣ ሁለት ቁጥር ይሰጥና ይደመራል። ዛሬ በባዮፕሲ ከ6 በታች የሚሰጥ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ 6 መነሻው እንጂ አጋማሹ አይደለም። ግራ እንዳያጋባ ብለው አሁን ከ1 እስከ 5 ባለ ደረጃ ጭምር ይጽፉታል፤ ያንተ 1 ነው። እንዲያውም «6ን ካንሰር ብለን ሰው ማስፈራራት እናቁም» ብለው የሚከራከሩ ሐኪሞች አሉ። 3+4 እና 4+3 ግን ድምራቸው እኩል ቢሆንም አንድ አይደሉም። መጀመሪያ የተጻፈው በብዛት የታየው ነው፤ 4 የቀደመበት ይከፋል። ወረቀቱን ራስህ አንብበው።

ጥያቄ፦ በክትትል ይቆይ አሉኝ። ካንሰር በሰውነቴ ይዤ እንዴት ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ?

መልስ፦ መጀመሪያ አይወስድህም። እኔን ሦስት ወር አልወሰደኝም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነስቼ ኢንተርኔት ላይ ስቆፍር ያደርኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ያረጋጋኝ ፕሮቴክት የሚባለው የእንግሊዝ ጥናት ነው። 1,643 ወንዶች በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ፤ ክትትል፣ ኦፕራሲዮን፣ ጨረር። የ15 ዓመቱ ውጤት በ2023 ወጣ። በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት በሦስቱም ምድብ ከ100 ሦስት ገደማ ናቸው። ይሄን ሳነብ ሁለቴ ሦስቴ ደገምኩት።

ሙሉውን ልንገርህ ግን፣ ግማሹን ብቻ የሚነግሩህ አሉ። በሽታው ወደ ሌላ አካል የተሰራጨባቸው በክትትሉ 9.4 በመቶ፣ በኦፕራሲዮኑ 4.7 በመቶ ነበሩ። ክትትል ላይ ከነበሩትም 60 በመቶ ያህሉ በ15 ዓመት ውስጥ መታከማቸው አልቀረም። የዚያን ጊዜው ክትትል በዋናነት ፒኤስኤ ላይ የቆመ ነው፣ እንደ ዛሬው ኤምአርአይ አልነበረውም፤ ስለዚህ ያሁኑ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ደግሞ ተሳታፊዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ወንዶች በዚህ በሽታ የሚሞቱት ከነጮቹ በእጥፍ ያህል ነው። ለእኛ ክትትል አይሆንም ማለት አይደለም፤ እኔም ተከታትያለሁ። ቀጠሮ መዝለል ግን አያዋጣም። «ክትትል» ማለት ፒኤስኤ በየስድስት ወሩ፣ አልፎ አልፎ ኤምአርአይና ድጋሚ ባዮፕሲ ማለት ነው። ረስቶ መቀመጥ ማለት አይደለም። ቀጠሮ የማታከብር ዓይነት ሰው ከሆንክ፣ ራስህን ታውቃለህ፣ ለሐኪምህ እውነቱን ተናገር።

ጥያቄ፦ አንተ ታዲያ ለምን ኦፕራሲዮን ሆንክ?

መልስ፦ በሦስተኛው ዓመት ባዮፕሲ ላይ 3+3 የነበረው 4+3 ሆነ። ያኔ 60 ዓመቴ ነው፤ ልብም ስኳርም የለብኝም፣ አባቴ 91 ዓመት ኖሯል። ከፊቴ ብዙ ዓመት ካለ ካንሰሩም ጊዜ አለው ማለት ነው ብዬ ወሰንኩ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ፕሮስቴቱን ኦፕራሲዮን ሆኖ በሳምንቱ ሥራ ገባ። ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያስፈራራው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ወደድኩት፤ የብዙ ግራ መጋባት ምንጭ ነው። በእኛ ቋንቋ ሁለቱንም «ፕሮስቴት ኦፕራሲዮን» እንላቸዋለን፤ ግን ሌላና ሌላ ናቸው። ጎረቤትህ ያደረገው ምናልባት ለእብጠት የሚደረገው ነው፤ በሽንት ቧንቧ ተገብቶ መሃሉ ይፋቃል፣ ፕሮስቴቱ ራሱ እዚያው ይቀራል። ለካንሰር ሲሆን ፕሮስቴቱ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ከኋላው ያሉት የዘር ፈሳሽ ከረጢቶችም አብረው (ቆለጥ ማለቴ አይደለም)፤ ከዚያ ፊኛውና የሽንት ቧንቧው እንደገና በስፌት ይገናኛሉ። አንዱን አይተህ ስለ ሌላው አትወስን። ሽንት መቆራረጥና ሌሊት መመላለስም አብዛኛውን ጊዜ የእብጠት ምልክት ነው። ጀማሪ ካንሰር ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም።

ጥያቄ፦ ሽንት ነገርስ? እውነቱን ንገረን።

መልስ፦ እውነቱን። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሽንት እንዲወርድበት የተደረገልኝ ቱቦ ከአሥር ቀን በኋላ ሲወጣ ነፃ የወጣሁ መሰለኝ። ከወንበር ስነሳ ፈሰሰ። ስስቅ ፈሰሰ። ሳስነጥስ አይነገርም። ለወራት ፓድ አደርግ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቆሜ ለመጨረስ ትርፍ ፓድ በኪሴ ይዤ እሄድ ነበር። ቡና ያባብሰዋል፤ አቦል ጠጥቼ ቶናና በረካውን ለእንግዶች መተው ተማርኩ። በስድስት ወሬ ፓድ ተውኩ። እኔ እድለኛ ነኝ። በዚያው በፕሮቴክት ጥናት ኦፕራሲዮን ከሆኑት ውስጥ በስድስተኛው ወር 46 በመቶው፣ በስድስተኛው ዓመትም 17 በመቶው ፓድ ይጠቀሙ ነበር። ክትትል ላይ በነበሩት በስድስተኛው ወር 4 በመቶ ብቻ። የምመክረው፦ ሽንት ስትቋጥር የምትጨብጠውን ጡንቻ ማሠራት ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጀምር። እኔ በኋላ ነው የጀመርኩት፣ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው፣ ያገባሁት በቅርቡ ነው። ወንድነቴ ያልቃል?

መልስ፦ ወንድነት ብልት መቆም ብቻ ከሆነ፣ አዎ፣ ሊጎዳ ይችላል። ብልትን የሚያቆሙት ነርቮች ፕሮስቴቱን ተጠግተው ነው የሚያልፉት። ካንሰሩ ወደ ነርቮቹ ካልተጠጋ ሐኪሙ ሊያተርፋቸው ይሞክራል፤ ተርፈውም ለማገገም ዓመት፣ ከዚያም በላይ ሊፈጅባቸው ይችላል። ዕድሜህ ወጣት መሆኑና ከዚህ በፊት ችግር ያልነበረብህ መሆኑ ይጠቅምሃል። ክኒንም መርፌም ፓምፕም አለ። እርካታ ይኖራል፣ ዘር ግን አይወጣም፤ ስለዚህ ልጅ ከፈለጋችሁ ዘርህን አስቀድመህ አስቀምጥ። ሚስትህን ሐኪሙ ዘንድ ይዘሃት ግባ። ብቻህን ገብተህ በኋላ እቤት ተርጉመህ የምትነግራት ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ጨረር አይሻልም?

መልስ፦ ለብዙ ሰው እኩል ምርጫ ነው። ሽንት ላይ ይቀላል፣ አንጀት ላይ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ኦፕራሲዮን ሆነህ ካንሰሩ ቢመለስ ጨረር መጨመር ይቻላል፤ ጨረር ከወሰድክ በኋላ ግን ኦፕራሲዮኑ በጣም ይከብዳል። እኔን ያዘነበለኝ ይሄ ነው። አገር ቤት ያላችሁ ወረፋውንም አስቡ። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው። አሁን ሌሎችም ተጨምረዋል፣ የት ቶሎ እንደምታገኙ ጠይቁ። ኦፕራሲዮን አድራጊውና ጨረር ሰጪው ሐኪም እያንዳንዳቸው ወደየሙያቸው ማዘንበላቸው አይቀርም፤ ሁለቱንም ሳታነጋግር አትፈርም።

ጥያቄ፦ በሮቦት ይሻላል በእጅ?

መልስ፦ ሮቦቱን የሚነዳው ሰው ነው። «በዓመት ስንት ትሠራለህ?» በለው። ከተቆጣ ሌላ ሐኪም ፈልግ።

ጥያቄ፦ አባቴ አዲስ አበባ ናቸው፣ 79 ዓመታቸው ነው፣ ልባቸውን ያማቸዋል። 3+3 ተገኘባቸው። ወደ አሜሪካ ላምጣቸውና ላሠራቸው?

መልስ፦ ልብህን አደንቃለሁ፣ ግን ተዋቸው። በዚህ ዕድሜ፣ ከልብ ሕመም ጋር፣ እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ካንሰር የሚያሳጥረው ዕድሜ ላይኖር ይችላል። ኦፕራሲዮኑ ግን የቀራቸውን ዓመታት ሊያበላሽባቸው ይችላል። በዚያ ገንዘብ ሄደህ ብትጎበኛቸው ይሻላል። ፀበላቸውንም ይጠመቁ፤ የልብ መድኃኒታቸውን ብቻ እንዳይተዉ።

ጥያቄ፦ ለወንዶች ልጆቼ መናገር አለብኝ?

መልስ፦ አለብህ። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመ ሰው ዕድሉ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በ40ዎቹ ውስጥ ሲገቡ ሐኪማቸውን ያነጋግሩ። ቤተሰብ ውስጥ የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር ካለ ያንንም ንገር፤ ብራካ2 የሚባለው ጂን ጉድለት በሴቶቹም በወንዶቹም መስመር ይተላለፋል፣ ወንዶቹ ላይም የከፋ ፕሮስቴት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ወደ ኋላ ብትመለስ ምን ትቀይር ነበር?

መልስ፦ ሦስቱን ዓመት እጠብቅ ነበር፣ ኦፕራሲዮኑንም እሆን ነበር። የምቀይረው ባለቤቴን ነው፤ ማለቴ ለእሷ ያልነገርኳትን ስድስት ሳምንት። የባዮፕሲውን ወረቀት መኪና ውስጥ ደብቄ ነበር። አገኘችው። ከካንሰሩ ይልቅ በእሱ ነው ያለቀሰችው። አሁን ለፒኤስኤ ስሄድ አብራኝ ትሄዳለች፤ ቀጣዩ ጥቅምት ላይ ነው።