ቀጭን ሰውም ስኳር ይይዘዋል? ስለ እስያ ወዳጆቻችሁ ጤና ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ እስያ ሰዎች ናቸው። አይገርምም። ዓረብ ሀገር ያላችሁት ከህንዷና ከፊሊፒንሷ ጋር አንድ ክፍል ታድራላችሁ፤ አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁት ደግሞ አብራችሁ ትሠራላችሁ፣ ተጋብታችሁ የወለዳችሁም አላችሁ። ስለዚህ ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። "እስያዊ" ስንል ከዓለም ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ነው የምንጠራው። የፓኪስታኑና የኮሪያው ሰው አንድ ዓይነት የጤና ችግር የላቸውም፤ የቱ ጋ ስለ ማን እንደማወራ እያያችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው። አብራኝ የምትሠራ ከህንድ፣ ከኬረላ የመጣች ልጅ አለች። ቀጭን ናት፣ ኬክም ቸኮሌትም አትወድም። ተመርምራ ስኳር አለብሽ አሏት። ስህተት ይሆን?

መልስ፦ ውጤቱን በድጋሚ ምርመራ ማረጋገጥ ጥሩ ነው፣ ያስደግሙላት። ግን "ቀጭን ስለሆነች ስህተት ነው" እንዳትሉ። የህንድ፣ የፓኪስታን፣ የባንግላዴሽና የስሪላንካ ሰዎች ላይ ዓይነት 2 ስኳር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአውሮፓውያን ቀድሞ፣ ባነሰ ክብደትም ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ስቡ ከቆዳ ሥር ሳይሆን ሆድ ውስጥ፣ ጉበትና አንጀት ዙሪያ ይጠራቀማል። እጅና እግሯ ቀጭን ስለሆነ ማንም አያየውም። ጡንቻዋም ያንሳል፤ ከምንበላው ስኳር ብዙውን የሚወስደው ደግሞ ጡንቻ ነው።

ሚዛን ላይ እንየው። 65 ኪሎ የምትመዝን፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 የሆነች ሴት ቢኤምአይዋ (ኪሎዋ በሜትር ለተለካ ቁመቷ ሁለት ጊዜ ሲካፈል) 24 ገደማ ነው። በተለመደው ሰንጠረዥ ከ25 በታች ስለሆነ "ጤነኛ ክብደት" ትባላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ለእስያ ሰዎች ጥንቃቄው ከ23 መጀመር አለበት ብለዋል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እስያውያን አሜሪካውያን ቢኤምአያቸው 23 ሲደርስ ስኳር እንዲመረመሩ ይመክራል። ከሚዛኑ ይልቅ እኔ የምወደው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ከመጨረሻው ጎድንና ከዳሌ አጥንት መሀል፣ ሆድ ሳይሳብ፣ ትንፋሽ አውጥቶ መለካት ነው። ለደቡብ እስያ ሴት ከ80 ሴንቲሜትር፣ ለወንድ ከ90 ካለፈ ቦርጩ ትንሽ ቢመስልም አደጋው ትንሽ አይደለም።

ጣፋጭ አትወድም ብለሻል። በቀን ስንት ካራክ ሻይ ትጠጣለች? እስቲ ቁጠሪላት። ያ ብርጭቆ ወተትና ስኳር ነው፣ ዱባይ ውስጥ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ይዞራል። ሩዝ ተዪ አትበሏት፤ ለኬረላ ሰው ይህ እንጀራ ተዉ እንደማለት ነው። መጀመሪያ ዓሣውን፣ ምስሩንና አትክልቱን ትብላ፣ ሩዙ በመጨረሻ በትንሹ ይምጣ። ቅደም ተከተሉ ብቻ እንኳ ከምግብ በኋላ ስኳሩ እንዳይተኮስ ይረዳል። ከዚያ አብራችሁ 15 ደቂቃ ወክ አድርጉ። ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ግን ይህ ሁሉ አይተካውም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኮሪያዊ ነው። ሰርጋችን ላይ ግማሽ ብርሌ ጠጅ ሳይጨርስ ፊቱ፣ አንገቱ፣ ጆሮው ሳይቀር ቲማቲም መሰለ፤ ልቡም ትመታለች። ዘመዶቼ "በርታ፣ ይለመዳል" እያሉ ይቀዱለታል። እውነት ይለመዳል?

መልስ፦ አይለመድም። ቀጂዎቹን አስቁሚልኝ። አልኮል ሰውነት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ አሴታልዲሃይድ ወደሚባል መርዛማ ነገር ይለወጣል፣ ከዚያ ሌላ ኢንዛይም (ሰውነት ነገሮችን የሚያፈርስበት ፕሮቲን) ቶሎ ያፈርሰዋል። ከቻይና፣ ከጃፓንና ከኮሪያ ሰዎች ከ3ቱ የ1ዱ ያህል ይህ ሁለተኛው ኢንዛይም በትውልድ ደካማ ነው ወይም ጭራሽ አይሠራም። መርዙ ይቆያል። ያ ቅላት ምልክቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እየተለማመደ ቢጠጣ ቅላቱ ሊቀንስ ይችላል፣ መርዙ ግን የትም አይሄድም፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰር አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሲጋራ ከተጨመረበትማ ይብሳል። አንዳንዶች ቅላቱ እንዳይታይ የጨጓራ ወይም የአለርጂ ኪኒን ውጠው ይጠጣሉ። ይህ ማስጠንቀቂያ ደወሉን ነቅሎ እሳቱን መተው ነው።

እንግዳ አለማስተናገድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ብርዝ ቅዱለት። ማሩ ያው ነው፣ ብርሌውም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሚስቴ ቻይና ነው የተወለደችው። የ5 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ክትትል ላይ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘባት። እናቴ "የወፍ በሽታ ነው" ብለው ሳህንና ብርጭቆዋን ለዩ። ሚስቴ ሌሊት ታለቅሳለች። ልጁስ ይተርፋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳህኑን ዛሬውኑ መልሱት። አብሮ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በመተቃቀፍ፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት ሄፓታይተስ ቢ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ነው። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ለየብቻ ይሁን፣ በቃ። እናትህን አትቆጣቸው፣ ፈርተው ነው፤ ግን አስረዳቸው፣ ብትችል ከሐኪሟ አፍ ይስሙት።

ሚስትህ ምናልባት የያዛት ከእናቷ፣ በተወለደችበት ቀን ነው። በምሥራቅ እስያ ቫይረሱ ለትውልዶች የዞረው በዋናነት በዚህ መንገድ ነው። አዋቂ ሰው ቢይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ያስወግደዋል፣ አራስ ልጅ ሲያዝ ግን ከ10ሩ 9ኙ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ምንም ሳያመው አድጎ ጉበቱ ሊጎዳ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ካንሰር ሊሄድም ይችላል።

ደስ የሚለው፣ ይህ መንገድ መዘጋት መቻሉ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ ሁለት መርፌ ያስፈልገዋል፣ ክትባቱና ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው፣ ማለትም ቫይረሱን የሚዋጋ ዝግጁ መከላከያ። ቀሪዎቹ ክትባቶች በጊዜያቸው ይቀጥላሉ፣ ከ9 ወሩ በኋላ ተመርምሮ መዳኑ ይረጋገጣል። አሁን በ5 ወሯ ደግሞ በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን ይለካ። ከፍ ካለ በመጨረሻዎቹ ወራት ቴኖፎቪር የሚባል መድኃኒት ይሰጣታል። ጡት ማጥባት ትችላለች። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1984 አራሶችን መከተብ ጀመረች፣ በኋላም የልጆች የጉበት ካንሰር በግልጽ ቀነሰ። ልጅህ ይህን ሁሉ ያገኛል፣ የወሊድ ሆስፒታሉ ቀድሞ እንዲያውቅ ብቻ አድርጉ።

አንተም እናትህም ተመርመሩ፣ ነፃ ከሆናችሁ ተከተቡ። ይህን የምለው በእሷ ምክንያት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች 254 ሚሊዮን ነበሩ፣ አብዛኞቹም በምዕራብ ፓሲፊክ ሀገሮችና በአፍሪካ ነው ያሉት። ኢትዮጵያ ውስጥም ብዙ አለ፤ ከሁለታችሁ ቀድሞ የነበረበት ማን እንደሆነ ሳይመረመሩ አይታወቅም። ለወፍ በሽታ ተብሎ ከሀገር ቤት የሚላክ ቅጠል ግን በጭራሽ እንዳትጠጣ። ጉበቷን ሊጎዳ ይችላል፣ ጽንሱም አለ።

ጥያቄ፦ ልጄ በቀን ሁለቴ ኢንዶሚ ትበላለች። "የእስያ ምግብ ነው፣ ጃፓኖች ረጅም ዕድሜ የሚኖሩት እንዲህ እየበሉ ነው" ትለኛለች።

መልስ፦ ጃፓኖች እንዲህ እየበሉ አይደለም ረጅም ዕድሜ የኖሩት። እንዲያውም ታሪኩ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ ጃፓንን ከሁሉ በላይ የሚገድላት ስትሮክ ነበር። በሰሜን፣ አኪታ በሚባለው ክፍል፣ ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ሰዉ በጨው የታሸ አትክልትና ሚሶ ሾርባ (ከጨዋማ የአኩሪ አተር ሊጥ የሚሠራ) እየበላ ይከርም ነበር፤ በቀን ከ20 ግራም በላይ ጨው ማለት ነው። ከዚያ ጤና ሠራተኞች ጨው ቀንሱ እያሉ አስተማሩ፣ ደም ግፊት ለካ ለካ ተባለ፣ ፍሪጅ በየቤቱ ገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ሁሉም ሰው የጤና መድን አገኘ። ስትሮክ ወረደ። ዛሬም ጨዋቸው ብዙ ነው፣ ግን ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። የአንድ ፈጣን ኑድል ቅመም ብቻውን የዚያን ግማሽ ሊሞላው ይችላል። ልጅሽን አትከልክያት፣ ትጣላሻለች። ቅመሙን ግማሹን ብቻ ትጨምር፣ መረቁን አትጠጣው፣ እንቁላልና ጥቅል ጎመን ይግባበት። ከጃፓን መኮረጅ ከፈለገች የኦኪናዋ ሽማግሌዎች አባባል አለላት፦ "ሀራ ሀቺ ቡ"፣ ሆድ ከ10 እጅ 8 ሲሞላ ማቆም።

ጥያቄ፦ ቬትናማዊት ጓደኛዬ ወተት ስትጠጣ ሆዷ ይነፋል። አለርጂ ነው?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አይደለም። የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ካደጉ በኋላ ስለሚቀንስ ነው፣ በምሥራቅ እስያ አብዛኛው አዋቂ እንደዚያ ነው። እርጎ ትሞክር። ካልሲየሙን ከቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) እና ከነአጥንቱ ከሚበላ ትንንሽ ዓሣም ታገኛለች።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነኝ። ፊሊፒናዊት ጓደኛዬ የሚጥል በሽታ አለባት፣ ካርባማዘፒን ልትጀምር ነው። የምታውቀው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፣ ስለጻፍሽልኝ ደስ ብሎኛል። መድኃኒቱ ጥሩ ነው፣ ለብዙ ሰው ይሠራል። ነገር ግን በፊሊፒንስ፣ በታይላንድ፣ በቻይና፣ በማሌዥያና በአካባቢው ሰዎች ላይ ኤችኤልኤ-ቢ 1502 የሚባል ዘረመል ከሌላው ሕዝብ በርከት ብሎ ይገኛል። ይህ ያለበት ሰው ካርባማዘፒን ሲወስድ ቆዳው እንደተቃጠለ የሚላጥበት፣ ሊገድል የሚችል ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው ከመጀመር በፊት ምርመራ ይደረግ ያለው። አንድ የደም ምርመራ ነው፣ ካለባት ሌላ መድኃኒት ይመረጥላታል።

ሐኪሙ ከየት እንደመጣች ላይጠይቃት ይችላል። እሷ ትንገረው፦ "ፊሊፒናዊት ነኝ፣ ይህን መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት የዘረመል ምርመራው ይሠራልኝ።" ከጀመረች በኋላ ደግሞ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ወራት፣ ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ የአፍ ቁስል ወይም የዓይን መቅላት ካየች ሳታድር ድንገተኛ ክፍል ይዘሻት ሂጂ፤ የመድኃኒቱን ካርቶንም ያዢው።