ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ሰፈሩን በእግራችሁ ዙሩት

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት ለመግዛት የተነሳችሁ ወገኖቼ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ደረጃና ስለ መኝታ ክፍሎቹ ብዛት አጥብቃችሁ ትጠይቃላችሁ። የ14 ዓመት ልጃችሁ ከዚያ ቤት ወጥታ በእግሯ የት መድረስ ትችላለች? እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት ግን ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት የዓለም ታዳጊዎች 81 በመቶው ይህን አያሟሉም፤ የሴቶቹ ከወንዶቹ ይብሳል። ወላጅ ይህን ሲሰማ ስልኩን ይረግማል፤ ልጁንም ሰነፍ ይላል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ መንገዱን ተመልከቱ።

ከከተማ ወጣ ብለው በተሠሩት መንደሮች ብዙው የውስጥ መንገድ ማለፊያ የለውም። የጓደኛዋ ቤት ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ ሳለ በመንገድ ሲኬድ ዙሪያ ጥምጥም ነው። የእግረኛ መንገዱ መሐል ላይ ይቋረጣል፤ ከመንደሩ ሲወጣ ደግሞ መኪና የሚከንፍበት ሰፊ አውራ ጎዳና አለ። አባት ታክሲ እየነዳ፣ እናት የሆስፒታል የማታ ፈረቃ ላይ ናቸው። ታዲያ ማን ያድርሳት? ቤት ትቀመጣለች።

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስላይጎ ክሪክ ከሚባለው ጅረት አጠገብ ብታድግ ዕድሏ ሌላ ነው። ጅረቱን ተከትሎ 10 ማይል ገደማ የሚዘልቅ የእግርና የብስክሌት መንገድ አለ፤ አጠገቡ ካለው የመኪና መንገድም ከፊሉ ቅዳሜና እሁድ ለመኪና ይዘጋል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ አውቶቡስም ተማሪን አያስከፍልም። ሜዳው፣ ቤተ መጻሕፍቱና ጓደኛዋ በእግር ሲደረስባቸው ማንም ሳይጎተጉታት ትንቀሳቀሳለች። ቤቱ ጠበብ ይል ይሆናል፤ ጋራዥም ላይኖረው ይችላል። ቢሆንም ምርጫዬ እርሱ ነው።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ልጃችሁን ይዛችሁ በሥራ ቀን፣ አመሻሽ ላይ ሂዱ። መኪናችሁን አቁሙና እስከ ሜዳው ድረስ ተራመዱ። መሻገሪያ አለ ወይ? የመንገድ መብራትስ? በእግሩ የሚሄድ ሌላ ሰው ታያላችሁ? ለሴት ልጅ መብራቱና ሰው መኖሩ ወሳኝ ናቸው፤ መንገዱ ጨለማና ጭር ያለ ከሆነ እናንተም ብቻዋን አትለቋትም። እርሷም የተሰማትን ትንገራችሁ።

ቤቱን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪ 311 ደውሎ በሰፈሩ የእግረኛ መንገድ እንዲሠራ ማመልከት ይችላል። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ጎረቤቶቻችሁም እንዲያመለክቱ አድርጉ።