መልስ፦ ሳይንቲስት ያልሆነ ሰው ለዌል ሻርክ ክትትል ምን ማበርከት ይችላል?

ጤና ይስጥልኝ። በኅዳር ለሥራ ወደ ጅቡቲ እንደሚሄዱ ገልጸው፣ የባሕር ሳይንስ ሳይማሩ ለዌል ሻርክ ክትትል የሚረዳ መረጃ መስጠት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። በሚገባ ይችላሉ፤ ወቅቱም ይህ ግዙፍ ዓሣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታይበት ነው።

በጀርባውና በጎኑ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች፣ ልክ እንደ ሰው የጣት አሻራ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያዩ፣ ሻርክቡክ የተባለው የመረጃ ቋት መጀመሪያ ለሥነ ፈለክ በተሠራ የኮከብ ማመሳከሪያ ስሌት ጎብኚዎች የላኳቸውን ፎቶዎች እያስተያየ እያንዳንዱን ዓሣ ይለያል። ስለዚህ ጭራውን ወይም አፉን ሳይሆን የግራ ጎኑን፣ ከስንጥቡ (ከሚተነፍስበት ክፍል) ኋላና ከጎን ክንፉ በላይ ያለውን ቦታ ያንሱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ጠባሳ ካለበት ጠባሳውን ይመዝግቡ። እባክዎን አይንኩት፤ መንገዱንም አይዝጉበት። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ዝርያዎች ተርታ የተመደበ እንስሳ ነው።

እስከዚያው እንስሳ አይቶ መመዝገብን እዚሁ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጉማሬ በመቁጠር ቢለማመዱ እመክራለሁ። እኔ ጉማሬ መቁጠር ስጀምር ብቅ ያለውን ጭንቅላት ሁሉ እየደመርኩ፣ ጠልቆ የተመለሰውን አንዱን ጉማሬ ሦስት ጊዜ እቆጥረው ነበር። አሁን ግን ጀልባው ቆሞ ግማሽ ሰዓት ያህል እጠብቅና በአንድ ቅጽበት አብረው የታዩትን ከፍተኛውን ቁጥር ብቻ እጽፋለሁ። አንድም ያልታየበትን ቀን ደግሞ ዜሮ ብዬ እመዘግባለሁ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው።