ከአንጎሉ በፊት ኢሚዩኖሎጂውን፦ ፓርኪንሰንን መመራመር ለምትሻ ተማሪ

ጥያቄ፦ «የባዮሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። አያቴ ፓርኪንሰን አለባቸው። በአንጎል ውስጥ የሚነሣው ብግነት የነርቭ ሕዋሳትን እንዴት እንደሚጎዳ ማጥናት እፈልጋለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በኒውሮሳይንስ ልያዝ ወይስ በኢሚዩኖሎጂ? ብግነትን ያበርዳሉ የተባሉ መድኃኒቶች ተሞክረው እንዳልሠሩ አንብቤአለሁ፤ መስኩ ያለቀለት ይሆን? አይጥ ላይ መሥራትም አልችልም፤ ይህ በር ይዘጋብኛል? የማመልከቻ ደብዳቤዬን አያይዤ ልኬልዎታለሁ፤ እባክዎ ይዩልኝ።»

እህቴ፣

ሳላንዛዛ ልመልስልሽ፤ ኢሚዩኖሎጂን፣ የሰውነት በሽታ መከላከል ጥናትን፣ ያዢ። ይህን በማለቴ የሚቀየመኝ የኒውሮሳይንስ መምህር እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ምክንያቴን ግን ስሚኝ።

የፓርኪንሰን ታሪክ ለረጅም ዘመን እንቅስቃሴን የሚያግዘው የአንጎል ኬሚካል፣ የዶፓሚን ታሪክ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ) ስድስት ሰዎች ላይ ያየውን ጻፈ። በ1960 ኦሌ ሆርኒኪዊች በበሽታው በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን ክፉኛ አንሶ እንደሚገኝ አሳየ። ሌቮዶፓ ከዚያ በኋላ መጣ፤ ዛሬም ዋናው መድኃኒት እሱ ነው። በዚህ ሁሉ ባለጉዳዩ የነርቭ ሕዋሱ ነው። የአንጎል ዘብ የሚባሉት ማይክሮግሊያ የሞተውን ከማንሣት ያለፈ ሥራ ያላቸው አይመስልም ነበር። በ1988 ፓትሪክና ኢዲት ማክጊር ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በሟቾች ሳብስታንሺያ ናይግራ (ዶፓሚን የሚሠሩት ነርቮች ያሉበት የአንጎል ክፍል) ውስጥ የተቆጡ ማይክሮግሊያዎች በብዛት እንዳሉ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ነው «እነዚህ ቀባሪዎች ናቸው ወይስ ገዳዮች?» የሚለው ጥያቄ መተኛት ያቃተው።

ይህን ጥያቄ ይዘው የሚሠሩት አብዛኞቹ ከነርቭ ወገን የመጡ ናቸው፤ ኢሚዩኖሎጂውን በመንገድ ላይ እየለቃቀሙ ነው የተማሩት። በ2017 የፓርኪንሰን ሕሙማን ደም ውስጥ የአልፋ ሲኑክሊንን (በበሽታው ነርቮች ውስጥ የሚጠራቀመውን ፕሮቲን) ቁርጥራጮች ለይተው የሚያውቁ ቲ ሴሎች የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት መኖራቸው ሲታወቅ፣ ሥራውን የመሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፦ ዴቪድ ሱልዘር የነርቭ ሰው፣ አሌሳንድሮ ሴቴ የኢሚዩኖሎጂ ሰው። አንዳቸው ብቻቸውን ቢሆኑ ያን ሙከራ ያስቡት ነበር ብዬ አላምንም። ሌላም ልጨምርልሽ። በ2004 ከፓርኪንሰን ጋር የተያያዘው ኤልአርአርኬ2 የሚባለው ጂን በበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ውስጥም በደንብ ይሠራል፤ ክሮን ከሚባለው የአንጀት ብግነት ጋርም ስሙ ይነሣል። አንጎልን ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ግራ ይገባዋል፤ አንቺ ግን ቤትሽ ነው። የአንጎልን ካርታ በአንድ ዓመት ታጠኚዋለሽ። የበሽታ መከላከልን አሠራር በአንድ ዓመት የጨረሰ ሰው ግን አላየሁም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልለፍ። መስኩ አላለቀለትም፤ ያለቀለት አንድ የዋህ ሐሳብ ነው፤ «ብግነቱን አብርደው፣ በሽታው ይቆማል» የሚለው።

እስኪ ከ1982 ልጀምርልሽ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች በየጓዳው የተሠራ አደንዛዥ ዕፅ ወግተው በቀናት ውስጥ እንደ ሐውልት ደረቁ፤ የተራቀቀ ፓርኪንሰን ያለባቸው ሽማግሌዎች መሰሉ። ዊሊያም ላንግስተን የሚባለው የነርቭ ሐኪም ዕፁ ውስጥ ኤምፒቲፒ የሚባል መርዝ እንደነበረ ደረሰበት። ለእኔና ለአንቺ የሚጠቅመው ግን ከዓመታት በኋላ የሆነው ነው። ከእነዚያ ሰዎች የሦስቱ አንጎል ከሞቱ በኋላ ተመርምሮ ውጤቱ በ1999 ወጣ። መርዙን ከወሰዱ በኋላ ከ3 እስከ 16 ዓመት ኖረዋል። መርዙ ከሰውነታቸው ከጠፋ ዘመን የለውም፤ ማይክሮግሊያዎቹ ግን ገና በሕይወት ያሉትን ነርቮች ከበው እንደተቆጡ ነበሩ። ማን እንደለኮሰው የታወቀ እሳት፣ ክብሪቱ ከተጣለ ከዓመታት በኋላ ለምን ይነድዳል? ሦስት አንጎል ብዙ አይደለም፤ መቆጣታቸውም መግደላቸውን አያረጋግጥም። ቢሆንም ይህን ጽሑፍ ካነበብኩ ወዲህ «ብግነት ውጤት ብቻ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በቀላሉ አልስማማም።

መድኃኒቶቹስ? ፒዮግሊታዞን የስኳር መድኃኒት ነው፤ ብግነትም ያበርዳል ተብሎ ተሞከረ፤ በ2015 የበሽታውን ጉዞ የሚለውጥ አልሆነም። ሌላው የስኳር መድኃኒት ኤክሴናታይድ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት በ2025 የወጣው የመጨረሻ ደረጃ ሙከራው ጥቅም አላሳየም። የእሱ ዘመድ ሊክሲሴናታይድ ደግሞ በ2024፣ በ156 ሰዎች ላይ ለአንድ ዓመት ተሞክሮ የእንቅስቃሴ ችግሩ እንዳይባባስ በመጠኑ ያዘ፤ የማቅለሽለሹ ዋጋ ግን ነበረው። አንቺ ይህን አንብበሽ «አልሠራም» ብለሽ ነው የተውሽው። እኔ የማነብበው እንዲህ ነው፦ ሰውየው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ብዙዎቹ ነርቮች ሄደዋል። ማይክሮግሊያ ደግሞ ቆሻሻም ይጠርጋሉ፤ በጅምላ ዝም ካሰኘሻቸው ጠራጊውንም ነው የምታባርሪው። ከሁሉ የሚብሰው፣ የትኛው ሕመምተኛ አንጎሉ ውስጥ አሁን ብግነት እየነደደ እንደሆነ በአስተማማኝ የሚለይ መለኪያ የለንም። ቲኤስፒኦ በሚባለው ፕሮቲን ላይ የተመሠረተው የፔት ምስል (ጨረር የሚያመነጭ ምልክት ደም ውስጥ ተሰጥቶ የሚነሣው) ለዚህ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ፕሮቲኑ አስትሮሳይት በሚባሉት የነርቭ ደጋፊ ሕዋሳትና በደም ሥር ሕዋሳትም አለ፤ የሰውየው የጂን ልዩነትም ምልክቱን ያጠነክረዋል ወይም ያደክመዋል። ትኩሳት የማይለካ ሐኪም የትኩሳት መድኃኒት እያደለ ነው በይው። ለወጣት ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም፤ መለኪያ የሚሠራ ሰው ከየትኛውም ወገን ቢሆን ይፈለጋል።

አይጦቹን በተመለከተ አትሸማቀቂ። የዚህ በሽታ ችግር አንዱ ራሱ አይጥ ነው፤ ፓርኪንሰን በተፈጥሮው አይዘውም፣ በመርዝ ወይም በጂን ነው የሚመሰልበት። ሰዎች ወደ ሌላ መንገድ እየሄዱ ያሉት ለዚህም ጭምር ነው። ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሕዋስ ካሳየው፣ የአዋቂን ሕዋስ ወደ ፅንስ መሰል ሕዋስ ከሚመልሰው ዘዴ ወዲህ፣ ከሕመምተኛ ቆዳ ወይም ደም ተነሥቶ ማይክሮግሊያ ሳህን ላይ ማሳደግ ተችሏል። ከሟቾች የተሰጠ አንጎል የሚያስቀምጡ ባንኮች አሉ። የሕሙማን ደም አለ። ኮምፒውተር ላይ ብቻ መሥራት ከፈለግሽም ፒፒኤምአይ የሚባለው ጥናት ከ2010 ጀምሮ የሰበሰበውን መረጃ ላመለከተ ተመራማሪ ይከፍታል። በመረጃ ብቻ ምን ይገኛል ካልሽኝ፣ በ2023 የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ የተሠራው የጂን ጥናት በጂቢኤ1 ጂን ውስጥ ለበሽታው የሚያጋልጥ፣ ቀድሞ ያልታወቀ ልዩነት አግኝቷል። ለዓመታት ያልታየው የቀድሞዎቹ ጥናቶች ባመዛኙ አውሮፓውያንን ብቻ ስለቆጠሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ አይጥ ላይ እንደማትሠሪ ለአማካሪሽ በመጀመሪያው ቀን ንገሪያት። በሦስተኛው ወር የተነገረ እንደሆነ ኅሊና ሳይሆን ስንፍና ይመስላል።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅሽኝን ልናገር። ደብዳቤሽ ስለ በሽታው ብዙ ይላል፣ ስለ ማክሰኞ ከሰዓት ምንም አይልም። ማክሰኞ ከሰዓት ያልኩት ተራውን የሥራ ቀን ነው፤ ሕዋስ መመገብ፣ ቱቦ ላይ ስም መጻፍ፣ ያልበራ ቀለም ለምን እንዳልበራ መፈለግ። እሑድም መጥተሽ የምትመግቢያቸው ሕዋሳት ይኖሩሻል።

እኔ ምክር ወደ መስጠቱ ከመምጣቴ በፊት በዚህ ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ሳህን ላይ ባደጉ ማይክሮግሊያዎች ላይ አልፋ ሲኑክሊን ጨመርኩ። ማይክሮግሊያ ሰላም ሲሆን ቀጫጭን ቅርንጫፍ ዘርግቶ ዙሪያውን ሲዳስስ የሚውል ሕዋስ ነው፤ ሲቆጣ ቅርንጫፉን ሰብስቦ ይድቦለቦላል። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ሳይ ሁሉም ተድቦልቡለዋል። የሚያመነጩትን ቲኤንኤፍ፣ ብግነት የሚያባብሰውን ፕሮቲን፣ ስለካ ጣራ ነክቷል። ሳምንታት በደስታ ሰክሬ ከረምኩ፤ ሥዕሉንም አሳምሬ ሠራሁ። ከዚያ ከጎኔ የምትሠራ ልጅ፣ እጇን እየታጠበች፣ «ኢንዶቶክሲኑን ለክተሻል?» አለችኝ። አልለካሁም። ፕሮቲኑ የሚመረተው ኢ. ኮላይ በሚባል ባክቴሪያ ውስጥ ነው፤ የባክቴሪያው ግድግዳ ኢንዶቶክሲን አለበት፤ ማይክሮግሊያን ለማስቆጣት የእሱ ርዝራዥ ብቻ ይበቃል። መለኪያው ከፈረስ ኮቴ ሸርጣን (የባሕር እንስሳ ነው) ደም የሚሠራ ነው፤ ኢንዶቶክሲን ካለ ቱቦው ውስጥ ይረጋል። የእኔ ቱቦ ሲገለበጥ ጠብ የሚል ጠፋ። (ሌላ ፕሮቲን ቢሆን አፍልቶ አጥፍቶ ማነጻጸር ይቻል ነበር፤ አልፋ ሲኑክሊን ግን መፍላትን የሚችል ግትር ነው።) ሦስት ወር ያጠናሁት ፓርኪንሰንን ሳይሆን ባክቴሪያን ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ አንቺም ጠይቂ። «የምትጠቀሙበትን አልፋ ሲኑክሊን ኢንዶቶክሲን እንዴት ትቆጣጠራላችሁ?» በይ። ፊታቸው ካበራ ጥሩ ቤት ነው፤ ከተኮሳተሩም መልስ አግኝተሻል። ሕዋስ የሚቆጥረው ሰው የትኛው ናሙና የሕመምተኛው እንደሆነ ሳያውቅ ይቆጥር እንደሆነም ጠይቂ። ከዚያ ቀድሞ እዚያ የተማሩትን ሁለት ሰዎች፣ አለቃቸው በሌሉበት፣ አነጋግሪ። የቤተ ሙከራው ስም ወይም የወጡለት ጽሑፎች ብዛት እነዚህን ያህል አይነግርሽም።

እስከዚያው ስታቲስቲክስ ተማሪ፤ አር ወይም ፓይተን አንዱን፣ ሁለቱን አይደለም። ፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሕዋሳትን አንድ በአንድ እያሳለፉ መለየትና መቁጠር) የሚያስተምርሽ ካገኘሽ እምቢ አትበይ፤ ከፓርኪንሰን ብትወጪ እንኳ እንጀራ ይሆንሻል። መውጣትም ይኖራል፤ ሦስተኛ ዲግሪ ከያዙት ፕሮፌሰር የሚሆኑት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ሌሎቹ በመድኃኒት ኩባንያ፣ በሕክምና ሙከራ አስተባባሪነት፣ በመረጃ ትንተና ይሠራሉ፤ አብዛኞቹም አይቆጩም።

ስለ ማመልከቻ ደብዳቤሽ። «የአያቴ እጅ ሲንቀጠቀጥ ካየሁበት ቀን ጀምሮ» ብለሽ ጀምረሻል። ስሜትሽ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያነቡልሽ ሰዎች ይህንኑ ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ በየደብዳቤው ያገኙታል። ሰርዢው። በሦስተኛው አንቀጽ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሽው ግን አለ፤ እጃቸው ከመንቀጥቀጡ ከዓመታት በፊት ቤት ውስጥ ጨርቅ ሲቃጠል ሁላችሁም ስትሮጡ እሳቸው ምንም እንዳልሸተታቸው። ሽታ መጥፋት በዚህ በሽታ ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ ይመጣል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሃይኮ ብራክ በ2003 ባቀረበው የበሽታው አካሄድም ለውጡ ቀድሞ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ከአፍንጫ የሚመጣውን ሽታ የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ነው። አፍንጫ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ከበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ጋር የሚጋፈጥበት በር ነው። ደብዳቤሽን ከዚያ ጀምሪው፤ ከጭሱና ካልሸተታቸው አያትሽ፤ ቀጥለሽም ያን ጊዜ አፍንጫቸው ውስጥ ምን እየሆነ ነበር ብለሽ ጠይቂ። አዲሱን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ አየዋለሁ።