ጥያቄና መልስ፦ የፍቅር ልብወለድ ማንበብ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም አገለግላለሁ። የወጣቶች የፍቅር ልብወለድ ማንበብ እወዳለሁ፤ በጾምም አልተውኩም። ቢቸና ያለችው ታላቅ እህቴ «የሥጋ ነገር ነው» ብላ ከጓደኛዬ የተዋስኩትን መጽሐፍ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። እውነት ኃጢአት ነው? ደግሞ ሽማግሌ የላከ አንድ ልጅ አለ። ደግ ነው፤ ግን መጽሐፉ ላይ እንዳለው ልቤ አይመታለትም።

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ጾሙ የምታውቂውን አልደግምልሽም። ልብወለዱ እስከ ፋሲካ ቢቆይ የሚጎድልብሽ ነገር የለም። እህትሽም ቅንዓቷ መልካም ነው፤ ያቃጠለችው ግን የሰው ንብረት ነውና ዋጋውን ትክፈል።

እኔን ያሳሰበኝ «የሥጋ ነገር» የሚለው ቃል ነው። በጎጃም ለጉባኤ በሄድኩበት ሁሉ ይህን ሳልሰማ አልመለስም። የወንድና የሴት መዋደድ ራሱ ርኩስ፣ ጋብቻም ቤተ ክርስቲያን ዓይኗን ጨፍና የምታልፈው ነገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እስቲ መዝሙረ ዳዊትሽን ግለጪ። ከ151ዱ መዝሙርና ከጸሎተ ነቢያት ቀጥሎ፣ ከውዳሴ ማርያም በፊት ያለው ምንድን ነው? መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን! ሊቃውንቱ በክርስቶስና በቤተ ክርስቲያን ይተረጉሙታል። የሙሽራና የሙሽሪት ፍቅር ርኩስ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ምሥጢር ምሳሌ ይሆን ነበር?

ጥፋቱ የእኛም ነው። ከአያቶቻችን ብዙዎቹ ባላቸውን ያዩት በሠርጋቸው ቀን ነው። እናት ለልጇ ስለ ፍቅር አታወራም፤ አባትማ ጭራሽ። እኛ መምህራንም ከ«አታመንዝር» አልፈን ብዙ አንናገርም። ሁላችን ዝም ስንል ልብወለዱ ተናገረ፤ ወጣቱ ቢያነበው ምን ይገርማል?

ታዲያ ያገኘሽውን ሁሉ አንብቢ ማለቴ አይደለም። ዝሙትን ለመቀስቀስ ብቻ ተጽፎ በቴሌግራም የሚዞረውን ዝጊው፤ «ሴትን አይቶ የተመኛት በልቡ አመነዘረ» የሚለው ቃል (ማቴ. 5፥28) ለወንድ ብቻ የተነገረ እንዳይመስልሽ። እኔ የበለጠ የምፈራው ግን ጨዋ የሚመስለውን ነው። ልጅቷ «አልፈልግም» ትላለች፤ እሱ አይተዋትም። ዶርሟ በር ላይ ያድራል፤ ስልኳን ነጥቆ መልእክቷን ያነባል፤ ከሌላ ወንድ ጋር ስትስቅ ካያት ክንዷን ይዞ ይጎትታታል። ጥቂት ገጽ ሳይሄድ «ለካ እንዲህ ይወደኛል» ብላ ታለቅሳለች፤ አንባቢዋም አብራ። ይህ ነገር በአገራችን ስም አለው፤ ጠለፋ ይባላል። ፈረሱ በመኪና ስለተተካ ፍቅር አይሆንም። ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጽ ለጋብቻ የሁለቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ሐዋርያውም ፍቅር አይቀናም፣ የራሱን አይፈልግም ነው ያለው (1ቆሮ. 13፥4-5)። ስታነቢ ይህን ይዘሽ አንብቢ፤ የሚያስለቅስሽን ሁሉ አትመኚው።

አሁን እንደ ዋዛ መጨረሻ ላይ ጣል ወዳደረግሽው ልምጣ፤ ለእኔ ዋናው ጥያቄሽ እሱ ነው። ያዕቆብ ራሔልን አስቀድሞ ወደዳት፤ ስለ እርሷ የተገዛው ሰባት ዓመት ጥቂት ቀን መሰለው (ዘፍ. 29፥20)። አባቱ ይስሐቅ ግን ርብቃን አገባት፣ ሚስቱም ሆነች፣ ከዚያ በኋላ ነው «ወደዳት» የተባለው (ዘፍ. 24፥67)። ሁለቱም ፍቅር ነው። ልብወለዱ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሠርጉ ላይ ያበቃል፤ ከሠርጉ በኋላ ማን ሌሊት ተነሥቶ ሕፃን እንደሚያባብል አይነግርሽም። ስለዚህ ልቤ ስላልመታ ብለሽ ብቻ ልጁን አትመልሺው።

ደግ ነው ብለሽ በይሉኝታም እሺ አትበዪ። ዘመድ ባለበት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ሲቆጣ ምን ያደርጋል? ለእናቱ እንዴት ይመልሳል? ትምህርቴን ልጨርስ ብትዪው ይታገሥሻል? የሰማሽውን ለንስሐ አባትሽ አጫውቻቸው፤ ከመጽሐፉ ይልቅ የሚጠቅምሽ ይህ ነው። መልስሽ «አይሆንም» ከሆነም ሽማግሌ አሳፈርኩ ብለሽ አትጨነቂ። አብርሃም ሎሌውን ለይስሐቅ ሚስት ሊያመጣ ሲልከው፣ ሴቲቱ አብራህ ልትመጣ ካልወደደች ከመሐላዬ ነጻ ነህ ብሎት ነበር (ዘፍ. 24፥8)። ርብቃም ብትሆን የሄደችው «ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?» ተብላ ተጠይቃ፣ «እሄዳለሁ» ብላ ነው።